መስመሩ የሚለውና የማይለው
በዌስተርን ብሎት ያልታሰበ ውጤት ሲገኝ ምክንያቱን ስለ መፈለግ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የላቦራቶሪ ባለሙያ በየዕለቱ ከሚያወጣቸው ውጤቶች አብዛኛዎቹ አስቀድሞ የሚጠበቁ ናቸው። የተጠበቀው ሲገኝ ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም፤ ወረቀቱ ይፈረማል፣ መዝገቡም ይዘጋል። ያልተጠበቀው ሲመጣ ግን መሣሪያው ይታማል፣ ኬሚካሉ ይጠረጠራል፣ ናሙናውን የላከው ጤና ጣቢያ ይወቀሳል። የዚህ ንግግር ዓላማ ሐሜቱን ወደ ምርመራ መለወጥ ነው። ይኸውም ዌስተርን ብሎት በተባለው የፕሮቲን መለያ ዘዴ ያልታሰበ ውጤት በሚገኝበት ጊዜ ምክንያቱ በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈለግ፣ ፍለጋውም ቁርጥ ያለ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ለሐኪሙና ለሕመምተኛው ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ማስረዳት ነው።

ዋናው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ በሜምብሬን ላይ የታየ መስመር የሚመሰክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ፀረ እንግዳ አካሉ በዚያ ቦታ ላይ ከአንድ ነገር ጋር መያያዙን ነው። ያ ነገር ምን እንደሆነ፣ ስለ ምን በዚያ ቦታ እንደተገኘ፣ ለሕመምተኛውም ምን ትርጉም እንዳለው መስመሩ ራሱ አይናገርም። ይህን የሚናገሩት አብረውት የተሠሩት መቆጣጠሪያ ናሙናዎች፣ ናሙናው ያለፈበት መንገድና የሰውየው ታሪክ ናቸው።

፩. ስለ ዘዴው አመጣጥ

እ.ኤ.አ. በ1970 ኡልሪክ ሌምሊ ኤስ.ዲ.ኤስ. በተባለው ሳሙና መሰል ኬሚካል የታከሙ ፕሮቲኖችን በጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል እንደየክብደታቸው የመለያየቱን ዘዴ አሻሽሎ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1975 ኤድዊን ሳውዘርን የተባለው እንግሊዛዊ ዲ.ኤን.ኤ.ን ከጄል ወደ ሜምብሬን የሚያዛውር ዘዴ አቀረበ፤ ዘዴውም በስሙ ተጠራ። የሰውየው ስም በቋንቋቸው «ደቡባዊ» ማለት ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ለአር.ኤን.ኤ. የተዘጋጀው ተመሳሳይ ዘዴ በጨዋታ «ሰሜናዊ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሃሪ ቶውቢን፣ ቴኦፊል ስቴሄሊንና ጁልያን ጎርደን በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ፕሮቲንን ከጄል ወደ ናይትሮሴሉሎስ በኤሌክትሪክ አዛውሮ በፀረ እንግዳ አካል የመለየትን ዘዴ አሳተሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኒል በርኔት በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ሆኖ ይሠራ ስለነበር ለዚሁ ሥራ «ምዕራባዊ»፣ ማለት ዌስተርን ብሎት የሚል ስም አወጣለት።

ሥራው በመሠረቱ አምስት ደረጃዎች አሉት። ፕሮቲኑ ይዘጋጃል፤ በጄል ውስጥ ይለያያል፤ ወደ ሜምብሬን ይዛወራል፤ የሜምብሬኑ ባዶ ቦታ በሌላ ፕሮቲን ይሸፈናል፤ በመጨረሻም የመጀመሪያውና ሁለተኛው ፀረ እንግዳ አካል ተራ በተራ ተጨምረው፣ በሁለተኛው ላይ የተጣበቀው ኢንዛይም ቀለም ወይም ብርሃን እንዲሰጥ ይደረጋል። የእያንዳንዱ ደረጃ ጉድለት በመጨረሻ የሚታየው በአንዱ ሜምብሬን ላይ ነው። ስለዚህ ሜምብሬኑን ብቻ አይቶ ጥፋቱ የየትኛው ደረጃ እንደሆነ ወዲያው ለመፍረድ መሞከር፣ በወንዝ ግርጌ የደፈረሰ ውኃ ያየ ሰው ወደ ላይ ሳይወጣ ማን እንዳደፈረሰው እንደሚናገር ይቆጠራል።

፪. ናሙናው የሚያልፍበት መንገድ

በሰሜን ተራሮች ምድር ለሚሠራ ባለሙያ ወደ ላይ መውጣት የሚለው ቃል ምሳሌ ብቻ አይደለም። አምቢኮ ከቧሂት ተራራ ማዶ፣ ወደ ራስ ደጀን በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ በመሸሃ ወንዝ ሸለቆ የምትገኝ መንደር ናት። ከዚያ የሚነሣ ሕመምተኛ ቧሂትን ተሻግሮ፣ በሳንቃ በር አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ በዳባት በኩል ጎንደር ለመድረስ ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ይቀረዋል። ደሙ ደባርቅ ተቀድቶ ናሙናው ብቻ ቢጓዝም መንገዱ ያው ነው። በመንገድ ላይ የተናጠ ደም ቀዮቹ ሴሎች ይፈነዳሉ፤ ሳይለይ የዋለ ሴረም ይበላሻል፤ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ናሙና ፕሮቲኖቹ ይሰባበራሉ ወይም እርስ በርስ ይጣበቃሉ። አበው «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያሉት ለዚህ ሥራ የተባለ ይመስላል፤ የብሎት ውጤት ግማሹ በአያያዝ፣ ግማሹ በአነጋገር ይበላሻልና።

የሰዎቹም መንገድ ከናሙናው መንገድ ያላነሰ ይመለከተዋል። የደባርቅና የዳባት ወጣት ገበሬዎች ለብዙ ዓመታት የሰሊጥ አረምና አጨዳ በደረሰ ጊዜ አንዳንዶቹ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ሑመራ፣ ሌሎቹም በጎንደር በኩል ወደ መተማ ሲወርዱ ኖረዋል። በዚያ ቆላ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላ አዛር አለ። በሽታው ከደጋ የወረደውን ሰው ይይዝና፣ ሰውየው ደጋ ወደሚገኘው ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በትኩሳት፣ በክሳትና በጣፊያ እብጠት ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 በሊቦ ከምከም የተነሣው ወረርሽኝ ካላ አዛር መሆኑ ከመታወቁ በፊት ወባ ነው ተብሎ መጠርጠሩ ይታወሳል። በዚያ አካባቢ በሽታው አይጠበቅም ነበርና፣ ያልተጠበቀው ነገር እስኪታወቅ ድረስ የሰው ሕይወት ዋጋ ተከፍሎበታል።

፫. አንድ መስመር ብቻ ሲታይ

በኢትዮጵያ ዌስተርን ብሎት ይበልጥ የታወቀው በኤች.አይ.ቪ. ማረጋገጫነት ነው። በአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች እ.ኤ.አ. በ1986 ተመዘገቡ፤ ተቀምጦ የነበረ ሴረም እንደገና ሲመረመርም ቫይረሱ እ.ኤ.አ. በ1984 በአገሪቱ እንደነበረ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በመጀመሪያው ምርመራ ቫይረሱ አለበት የተባለ ወይም ሁለት ምርመራዎች ያልተስማሙበት ሴረም በዌስተርን ብሎት ይጣራ ነበር። የቫይረሱ ፕሮቲኖች በክብደታቸው ተለያይተው በቀጭን የሜምብሬን ስትሪፕ ላይ ይዘረጋሉ። ከላይ የቫይረሱ ልባስ የሆኑት ጂፒ160 እና ጂፒ120፣ ዝቅ ብሎም ጂፒ41 ይገኛሉ፤ ከውስጠኛው ክፍል ፒ55፣ ፒ24 እና ፒ17፣ ከኢንዛይሞቹም ፒ66፣ ፒ51 እና ፒ31 አሉ። የሕመምተኛው ሴረም ሲፈስበት በሰውየው ደም ውስጥ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት የሚያውቁትን ፕሮቲን ይይዛሉ፤ መስመሩም ይታያል።

ችግሩ የሚመጣው ሁሉም መስመር ሳይታይ፣ ባዶም ሳይሆን፣ አንዱ ብቻ ብቅ ሲል ነው። ለምሳሌ ያህል በዚያ ዘመን ከሑመራ የሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ አንድ የዳባት ሰው ጣፊያው አብጦ ወደ ሐኪም ቤት መጣ እንበል። የመጀመሪያው ምርመራ ደካማ ምልክት ሰጠ፤ በስትሪፑም ላይ ፒ24 ብቻ ታየ። ይህ መስመር ሁለት የሚቃረኑ ትርጉሞች ሊኖሩት ይችላል። በቅርቡ በቫይረሱ በተያዘ ሰው ደም ውስጥ ከሁሉ ቀድመው ከሚታዩት ፀረ እንግዳ አካላት መካከል የፒ24 አንዱ ነውና፣ መስመሩ የበሽታው መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ካላ አዛር የሰውነትን ፀረ እንግዳ አካል አመንጪ ሴሎች ያለ ልዩነት ስለሚያነሣሣ በደም ውስጥ እጅግ ብዙና ልዩ ልዩ ፀረ እንግዳ አካል ይከማቻል፤ ከዚህም መካከል ከፒ24 ጋር በአጋጣሚ የሚያያዝ አይታጣም። በመጀመሪያው ትርጉም ሰውየው ቫይረሱ አለበት፤ በሁለተኛው የለበትም። መስመሩ ግን አንድ ነው።

ይህ አጋጣሚ በአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በአዲስ አበባ ከተጀመረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ጥናት ፕሮጀክት የወጣና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ ከ12 ሺህ በላይ ናሙናዎች ተመርምረው 91 ያህሉ በየምርመራው የተለያየ መልስ የሰጡና በዌስተርን ብሎትም ያልለየላቸው እንደነበሩ ገልጿል፤ በእነዚህም ላይ አዘውትሮ የታየው መስመር ፒ24 ነበር። ከመቶ አንድ የማይሞላ መጠን ነው። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ናሙና ጀርባ ትዳሩ፣ ልጆቹና ጎረቤቱ የሚጠብቁት አንድ ሰው አለ።

ለንባቡ የወጡት ደንቦችም አንድ አልነበሩም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው መመሪያ ቢያንስ ሁለት የልባስ መስመሮች እንዲታዩ ሲጠይቅ፣ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ደንብ ከፒ24፣ ከጂፒ41 እና ከጂፒ120/160 መካከል ማናቸውም ሁለቱ ከታዩ ይበቃል ይል ነበር። እንግዲህ ፒ24 እና ጂፒ41 ብቻ የታዩበት አንድ ስትሪፕ በአንደኛው ደንብ ያልለየለት፣ በሌላው የተረጋገጠ ይሆናል። ይህም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ሱዛን ዞላ ፓዝነርና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በብዙ የንግድ ስትሪፖች ላይ ጂፒ160 እና ጂፒ120 ተብለው ይነበቡ የነበሩት መስመሮች በአመዛኙ ሦስትና አራት ሆነው የተጣበቁ የጂፒ41 ቅንጣቶች መሆናቸውን አሳዩ። ሁለት ምስክር ተብሎ የተቆጠረው አንዱ ምስክር በሁለት ልብስ መቅረቡ ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በመስመሩ ጎን የተጻፈው ስም የአንባቢው ስያሜ እንጂ የፕሮቲኑ መታወቂያ ወረቀት አለመሆኑ ነው።

፬. ፍለጋው ከየት ይጀመር?

ይህ ትምህርት ለማንኛውም ዌስተርን ብሎት፣ በምርምር ላቦራቶሪ ለሚሠራውም ጭምር ያገለግላል። ያልታሰበ ውጤት ሲገኝ የመጀመሪያው ሥራ ምንም አለመለወጥ ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ በአንድ ጊዜ ፀረ እንግዳ አካሉንም፣ ወተቱንም፣ ሰዓቱንም የለወጠ ሰው ብሎቱ ቢስተካከል እንኳ በምን እንደተስተካከለ አያውቅም። ከዚህ ይልቅ የሚከተሉት ጥያቄዎች በተራ ይጠየቁ።

አንደኛ፣ መቆጣጠሪያ ናሙናዎቹ ምን አሉ? እርግጠኛ ፖዘቲቭ፣ ደካማ ፖዘቲቭ፣ እርግጠኛ ኔጋቲቭ፣ እንዲሁም የመጀመሪያው ፀረ እንግዳ አካል ያልተጨመረበት አንድ ሜምብሬን ሊኖሩ ይገባል። ከእነዚህ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ደካማው ፖዘቲቭ ነው፤ የምርመራው አቅም መድከሙን ቀድሞ የሚናገረው ግን እርሱ ነው። ጠንካራው ፖዘቲቭ ኬሚካሉ ግማሽ ኃይሉን ካጣ በኋላም መታየቱን ይቀጥላልና። መቆጣጠሪያዎቹ ከተበላሹ የሕመምተኛው መስመር አይነበብም፤ ሥራው በሙሉ ይደገማል።

ሁለተኛ፣ ፕሮቲኑ ከጄል ወጥቶ ሜምብሬኑ ላይ ደርሷል? ይህን ለማወቅ ሜምብሬኑ ከመሸፈኑ በፊት ፖንሶ ኤስ በተባለው ቀይ ቀለም ለጥቂት ደቂቃዎች ይነከራል። ቀለሙ በውኃ ታጥቦ የሚለቅ ስለሆነ ሥራውን አያበላሽም፤ የእያንዳንዱን ናሙና መጠንና በዝውውሩ ጊዜ አየር የገባበትን ክብ ባዶ ቦታ ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ርካሽ የሆነውን ይህን እርምጃ መዝለል ውዱን ፀረ እንግዳ አካል በባዶ ሜምብሬን ላይ እንደ ማፍሰስ ነው።

ሦስተኛ፣ የክብደት መለኪያው ማርከር በትክክል ተዘርግቷል? ማርከሩ ከተጣመመ ወይም ከላይ ያሉት መስመሮቹ ብቻ ከጠፉ፣ ትልልቆቹ ፕሮቲኖች ከጄሉ ሳይወጡ ቀርተዋል ማለት ነው። በዝውውር መካከል መብራት ሄዶ ተመልሶ እንደሆነም ይጠየቅ። የተቋረጠበት ሰዓት በመዝገብ ካልተጻፈ የጎደለው መስመር የበሽታው ምልክት መስሎ ይቀራል።

፭. መስመሩ ሲጠፋ

የሁሉም ናሙናዎች መስመር ከነፖዘቲቩ ከጠፋ ጥፋቱ በናሙናው አይደለም። ፖንሶ ቀይ ካሳየ ዝውውሩም ደኅና ነው። የቀረው ተጠርጣሪ የመለያው ሰንሰለት ነው፤ እርሱም በአጭር ዘዴ ይፈተናል። ከሁለተኛው ፀረ እንግዳ አካል አንድ ጠብታ በቁራጭ ሜምብሬን ላይ አንጠብጥቦ ቀለም የሚሰጠውን ፈሳሽ ማፍሰስ ነው። ቀለም ካልታየ ኢንዛይሙ ወይም ፈሳሹ ሞቷል። እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚገኘው ምክንያት ሶዲየም አዛይድ ነው። ባክቴሪያ እንዳይበቅል ተብሎ በፈሳሽ ውስጥ የሚጨመረው ይህ ኬሚካል ፐርኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም ያከስማል። እንዲሁም ሌላው የታወቀ ኢንዛይም አልካላይን ፎስፋቴዝ ፎስፌት ባለበት ማጠቢያ ሥራው ይዳከማል። ሁለቱን ያላዛመደ ሰው ጥሩ ዕቃ ይዞ ባዶ ሜምብሬን ያያል።

ፖንሶ ባዶ ከሆነ ግን የዝውውሩ አደራደር ይመርመር። ፕሮቲኑ በኤስ.ዲ.ኤስ. አማካይነት አሉታዊ ኃይል ስለሚይዝ ወደ አዎንታዊው ጫፍ ይሮጣል፤ ጄሉና ሜምብሬኑ ቦታ ከተለዋወጡ ሁሉም ወደ ፈሳሹ ገብቶ ይጠፋል። ፒ.ቪ.ዲ.ኤፍ. የተባለው ሜምብሬንም አስቀድሞ በሜታኖል ካልራሰ ፕሮቲን አይቀበልም። እንደ ፒ17 ያሉ ትንንሾቹ ፕሮቲኖች ደግሞ ዝውውሩ ሲረዝም ሜምብሬኑን አልፈው ይሄዳሉ፤ ለእነርሱ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ፣ ማለት 0.2 ማይክሮን የሆነ ሜምብሬን ይመረጣል።

ስለ ሙቀትም አንድ ነገር መባል አለበት። የአሠራር መመሪያዎች «በክፍል ሙቀት» የሚሉት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ያለውን ነው። በደባርቅ የማለዳ ክፍል ከዚህ በብዙ ይበርዳል፤ በመተማ የቀትር ክፍል ከዚህ በብዙ ይሞቃል። በብርድ የኢንዛይሙ ሥራ ይዘገይና ደካማው መስመር ይጠፋል፤ በሙቀት ደግሞ ጀርባው ይጠቁራል። ስለዚህ የክፍሉ ሙቀት በየቀኑ ተለክቶ ከውጤቱ ጎን ይመዝገብ።

አንድ ሌላ አስገራሚ ነገር አለ። በብርሃን በሚነበበው ዘዴ ፕሮቲኑ ወይም ፀረ እንግዳ አካሉ ከመጠን በላይ ሲሆን፣ ኢንዛይሙ በዚያ ቦታ ያለውን ፈሳሽ በቅጽበት ጨርሶ፣ መስመሩ መካከሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሲበዛ ማር ይመራል። እንዲህ ያለውን መስመር ያየ ሰው ፀረ እንግዳ አካሉን መጨመር ሳይሆን ማቅጠን ይገባዋል።

፮. መስመሩ ሲበዛ ወይም ቦታው ሲለወጥ

ሜምብሬኑ በሙሉ ከጠቆረ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሽፋኑ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ የተለመደው ርካሽ ሽፋን በመቶ 5 የሆነ የወተት ዱቄት ነው። ይሁንና ቅባቱ የወጣለት መሆን ይኖርበታል፤ ከሱቅ የሚገዛው ቅባት ያለው የሕፃናት ወተት ለዚህ ሥራ አይሆንም። የአደረው የወተት ፈሳሽም እንደ ጎመዘዘ ወተት ሁሉ ይጣል። በባዮቲን ለሚሠራ መለያ ወይም ፎስፎረስ የተጨመረባቸውን ፕሮቲኖች ለመለየት ወተት አይመረጥም፤ ወተት ራሱ ባዮቲንና ፎስፎረስ ያለው ኬዚን አለበትና። በምትኩ የከብት ሴረም አልቡሚን ያገለግላል።

በየናሙናው ላይ በ50 እና በ25 ኪሎዳልተን ግድም ሁለት መስመሮች ከታዩ፣ የሰውየው የራሱ ፀረ እንግዳ አካል ከባድና ቀላል ሰንሰለቶች መሆናቸው ይጠርጠር። በተለይ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ የተወሰደ የካላ አዛር ሕመምተኛ ናሙና ጄሉ ላይ ከተጫነ፣ ናሙናው በሰው ፀረ እንግዳ አካል የተሞላ ነው። ሁለተኛው ፀረ እንግዳ አካል የሰውን ለማወቅ የተሠራ ከሆነ የሚያውቀውን ሁሉ ይይዛል፤ የጥገኛ ተሕዋሱን ፕሮቲን የሚፈልገው ባለሙያም በየሕመምተኛው «አዲስ ፕሮቲን» ያገኘ ይመስለዋል። የመጀመሪያው ፀረ እንግዳ አካል ያልተጨመረበት ሜምብሬን ይህን በአንድ እይታ ያጋልጣል።

መስመሩ በሰንጠረዥ ከተጻፈው ክብደት ርቆ ሲገኝም ወዲያው ስሕተት ነው አይባል። እ.ኤ.አ. በ1979 የተገኘው የታወቀው የካንሰር ፕሮቲን ፒ53 ስሙን ያገኘው በጄል ላይ በ53 ኪሎዳልተን ስለ ታየ ነው፤ እውነተኛ ክብደቱ ግን ወደ 44 ግድም ነው። ፕሮሊን የበዛበት ክፍሉ በጄል ውስጥ ጉዞውን ያዘገየዋል። የጂፒ120ም ግማሽ ያህል ክብደቱ የስኳር ልባስ ነው። እንግዲህ ጄል የሚለካው የጉዞን ፍጥነት እንጂ ክብደትን አይደለም።

በደጋ ላይ ለሚሠራ ባለሙያ ደግሞ ከፍታው ራሱ አንድ ምክንያት ነው። መመሪያዎቹ ናሙናው ከ95 እስከ 100 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ለ5 ደቂቃ እንዲፈላ ያዛሉ። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ግን በባሕር ወለል ነው። በአዲስ አበባ ወደ 92፣ በጎንደር ወደ 93፣ በደባርቅ ደግሞ ወደ 90 ወይም 91 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ስለዚህ በድስት የሚንተከተከው ውኃ መመሪያው የሚለውን ሙቀት ከቶ አይደርስም። ለብዙዎቹ ፕሮቲኖች ይህ ልዩነት ጉዳት የለውም፤ አጥብቀው ለሚጣበቁት ግን ሁለት ሆነው እንደተያያዙ ይቀሩና መስመሩ በእጥፍ ክብደት ይታያል። መፍትሔው ጊዜውን ወደ 10 ደቂቃ ማራዘምና፣ የጥንዶቹን ማያያዣ የሚፈታው ኬሚካል አዲስ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በአንጻሩ በሴል ልባስ ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ፕሮቲኖች ሲፈሉ ይባስ ይጣበቃሉ፤ ለእነዚህ ለብ ያለ ሙቀት ይሻላል። ሁለቱን የሚለየው ሙከራ ነው፤ አንዱን ናሙና ከፍሎ በሁለቱም መንገድ አዘጋጅቶ ጎን ለጎን መሥራት።

፯. ስለ መድገምና ስለ መጻፍ

ያልታሰበ ውጤት ይደገማል፤ ይሁን እንጂ የሚፈለገው መልስ እስኪመጣ ድረስ መድገም ምርመራ አይባልም። ስንት ጊዜ እንደሚደገም፣ በየትኛው ናሙና እንደሚደገም፣ ሦስቱ ውጤቶች ባይስማሙ የትኛው እንደሚያዝ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይወሰን፤ የተጣለውም ውጤት ከነምክንያቱ በመዝገብ ይቆይ። በምርምር ጽሑፍም አንዱን መስመር ብቻ ቆርጦ ማሳየት ከቀሪው ሜምብሬን የተገኘውን ምስክርነት መደበቅ ነው፤ ሙሉው ሥዕል ከነማርከሩ ይቀመጥ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ለሕመምተኛው የሚጻፈው ቃል ነው። ከላይ በምሳሌ የተነሣውን የዳባት ሰው ውጤት «ፖዘቲቭ» ብሎ መጻፍ በሌለበት በሽታ ዕድሜ ልኩን መድኃኒት እንዲወስድ፣ ምናልባትም ትዳሩ እንዲፈርስ ሊያደርግ ይችላል። «ኔጋቲቭ» ብሎ መጻፍም በበሽታው መጀመሪያ ላይ ያለውን ሰው ያለ ሕክምና ይሸኘዋል፤ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ካላ አዛርና ኤች.አይ.ቪ. በአንድ ሰው ላይ አብረው የሚገኙበት መጠን በዓለም ከታዩት ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ ነውና፣ ይህም ስሕተት ቀላል አይደለም። በዚህ ጊዜ እውነተኛው ቃል «ያልለየለት» የሚለው ነው። ያልለየለት ማለት ላቦራቶሪው አልቻለም ማለት አይደለም፤ በዚህ ናሙናና በዚህ ቀን ያለው ማስረጃ ለፍርድ አይበቃም ማለት ነው። ቃሉ ብቻውን ግን አይላክ። የታዩት መስመሮች ይዘርዘሩ፤ ሰውየው ቆላ ወርዶ እንደነበረ፣ የካላ አዛር ምርመራ ተደርጎለት እንደሆነ ይጠየቅ፤ ሌላ ናሙና መቼ እንደሚቀዳም ቀኑ ይጻፍ። ቀኑ ያልተጻፈለት ሰው አምቢኮ ከገባ በኋላ ተመልሶ ቧሂትን እንዲሻገር ማንም አያስታውሰውም።

ዛሬ ለኤች.አይ.ቪ. የተዘጋጀው ስትሪፕ ከዕለት ተዕለት ምርመራ ወጥቷል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ አገሮች ዌስተርን ብሎትን ከምርመራ ሥርዓታቸው እንዲያወጡና ፈጣን ምርመራዎችን በተከታታይ እንዲጠቀሙ መክሯል፤ ውጤቱ ያልለየለትም ሰው ከ14 ቀን በኋላ እንደገና እንዲመረመር ያዛል። ምክሩ ተገቢ ነው፤ ስትሪፑ ውድ፣ ቀርፋፋና ለንባብ አስቸጋሪ ነበርና። ይሁን እንጂ ፈጣኑም ምርመራ ያው በፀረ እንግዳ አካል የሚሠራ፣ በካላ አዛር ሕመምተኛ ደም ሊታለል የሚችል መስመር ነው። ልዩነቱ ዌስተርን ብሎት ጥርጣሬውን በዘጠኝ ፕሮቲኖች ዘርዝሮ ያሳይ ስለነበር፣ ፈጣኑ ምርመራ ደግሞ ጥርጣሬውን በአንድ መስመር ውስጥ ስለሚሸሽግ ነው። ስለዚህ በደባርቅ ጤና ተቋም ደካማ መስመር ያየ ባለሙያ፣ በጎንደር ሜምብሬን ከሚያነበው ባልደረባው ያነሰ ጥንቃቄ አይበቃውም፤ መቆጣጠሪያውን ያያል፣ የናሙናውን መንገድ ይጠይቃል፣ የሰውየውን ታሪክ ያነባል፣ ከዚያ በኋላ ይፈርማል።